ሐኪሙ ያላየው ሕመምተኛ፦ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ በደብዳቤ ይሰጥ የነበረ የሕክምና ምክር

መግቢያ

እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1784 ስኮትላንዳዊው የሕግ ባለሙያና ጸሐፊ ጄምስ ቦስዌል በኤዲንብራ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት ታላላቅ ሐኪሞች ለሦስቱ፣ ለዊልያም ከለን፣ ለጆን ሆፕና ለአሌክሳንደር ሞንሮ፣ ቃሉ አንድ የሆነ ደብዳቤ ጻፉ። ሕመምተኛው በኤዲንብራ አልነበሩም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ስመ ጥር የሆኑት ሳሙኤል ጆንሰን በዚያን ጊዜ ለንደን ከሚገኘው ቤታቸው መውጣት ተስኗቸው ነበር። ቦስዌል የሕመሙን ታሪክ በጥቂት መስመሮች አስረዱ፦ ሕመምተኛው የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ባለፈው በጋ የሽባነት ሕመም ድንገት ጥሏቸው ከሞላ ጎደል ድነዋል፤ ከዚያም በፊት ሳል ያስቸግራቸው ነበር፤ በዚህ የብርድ ወራት አስም ስለ ጸናባቸው ሦስት ወር ያህል ከቤት አልወጡም፤ ጥቂት ብርድ ሲነካቸው ደረታቸው ስለሚጨነቅ ተጋድመው መተኛት አይችሉም፤ ሌሊቱን ተቀምጠው ያድራሉ፤ እንቅልፍ የሚያገኙትም ከኦፒየም በተቀመመ መድኃኒት ነው፤ እግራቸውና ጭናቸው አብጧል።

ሦስቱም ሐኪሞች ለጥያቄው በአክብሮት መልስ ሰጡ። ሕመምተኛውን ሳላይ፣ ደረቱን ሳልዳስስ፣ እንዴት ምክር እሰጣለሁ ብሎ ጥያቄውን የመለሰ አልነበረም። በዘመኑ አሠራር ይህ እንደ ድፍረት ወይም እንደ ቸልተኝነት የሚቆጠር ነገር አልነበረም። በደብዳቤ ማማከር የታወቁ ሐኪሞች መደበኛ ሥራ፣ የገቢያቸውና የዝናቸውም አንድ ምንጭ ነበር።

ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው ያንን አሠራር ነው። ሐኪሙ ያላየውን ሕመምተኛ ለማከም ያስቻለው ምንድን ነው? የደብዳቤ ሕክምናን የርቀትና የመንገድ ችግር ብቻ የወለደው አማራጭ አድርጎ መመልከት የተለመደ ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን መሠረቱ ጠለቅ ያለ ነው። በዚያ ዘመን ስለ በሽታ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከሕመምተኛው ቃል የሚገኝ ስለ ነበር፣ ቃሉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ቢጓዝ ሐኪሙ የሚያጣው ነገር ዛሬ የሚታሰበውን ያህል አልነበረም። (በመጣጥፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ርቀት፣ ክፍያና ፖስታ

የአሠራሩ ውጫዊ ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ከመሆኑም በላይ በብዛት የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነበር። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች የዕለት ተዕለቱን ሕክምና የሚሰጡት የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችና መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ። ሕመሙ ሲጸና ወይም በአካባቢው ያለው ባለሙያ መፍትሔ ሲያጣ፣ አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ታወቀ ሐኪም ይጽፋል። በክፉ መንገድ ላይ ለቀናት በሠረገላ መንገላታት ለጤነኛ ሰው እንኳ አድካሚ ነበርና ለሕመምተኛ አደጋው የከፋ ነበር።

ሆኖም መጻፍም ወጪ ነበረው። በብሪታንያ እስከ 1840 የፖስታ ለውጥ ድረስ የፖስታውን ዋጋ በተለምዶ የሚከፍለው ተቀባዩ ሲሆን፣ ዋጋው የሚተመነውም በርቀትና በወረቀቱ ቅጠል ብዛት ነበር። ሁለት ቅጠል ወረቀት የአንዱን እጥፍ ያስከፍል ነበር። የፓርላማ አባላት ግን ደብዳቤ ያለ ክፍያ የመላክ መብት ስለ ነበራቸው ባላባቶችና ወዳጆቻቸው በዚህ ይጠቀሙ ነበር። ለሐኪሙ የሚከፈለው የምክር ዋጋ ሲታከልበት፣ በደብዳቤ የሚታከመው ሰው ማን እንደ ነበረ ለመገመት አያዳግትም። ባለ ርስቱ፣ ነጋዴው፣ የጦር መኮንኑ፣ ቄሱ፣ የሕግ ባለሙያውና የእነዚህ ቤተሰቦች በብዛት ይገኙበታል። ቦስዌልም በደብዳቤያቸው ጥያቄው መደበኛ የምክክር ትእዛዝ አለመሆኑን በጥንቃቄ አመልክተዋል። ሐኪሞቹ ምክር እንዲሰጡ የተጠየቁት ለጆንሰን ካላቸው ክብር የተነሣ ነው። ይህ ማሳሰቢያ ራሱ መደበኛው ምክክር በክፍያ የተመሠረተ መሆኑን ያሳያል።

እነዚህ ምክንያቶች ሰዎች ለምን እንደሚጽፉ ያስረዳሉ። ሐኪሙ ግን በምን ተማምኖ እንደሚመልስ አያስረዱም። ለዚህኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በዘመኑ የሕክምና ዕውቀት ውስጥ ነው።

ዕውቀቱ የተመሠረተበት ቃል

በዘመኑ ሐኪም ሕመምተኛው አጠገብ ቢቀመጥ እንኳ የሚያደርገው አካላዊ ምርመራ ጥቂት ነበር። የደም ሥር ትርታን ይዳስሳል፤ ምላስንና የፊትን ገጽ ይመለከታል፤ ሽንትና ዓይነ ምድር ምን እንደሚመስል ይጠይቃል ወይም ያያል። የሕመምተኛን ደረት መምታትና ማዳመጥ የሐኪሞች ልማድ አልነበረም። ትርታን በሰዓት መቁጠር ከ1707 ጀምሮ በእንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር ሥራ ቢታወቅም አጠቃቀሙ ወጥ አልነበረም። ስለዚህ የሐኪሙ ዋና መሣሪያ ጥያቄ፣ የሕመምተኛውም ዋና ድርሻ ትረካ ነበር።

የበሽታው ምንነት ይገለጣል ተብሎ የሚታሰበውም በትረካው ውስጥ ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረ? ከምን በኋላ? ሲብስና ሲቀል ምን ይመስላል? ሰውየው ቀድሞ እንዴት ይኖር ነበር? ወላጆቹስ በምን ታመሙ? ከግሪካውያን ሐኪሞች በተወረሰው ልማድ መሠረት ጤና የሚጠበቀውም የሚታወከውም በስድስት ነገሮች ነው፤ እነዚህም አየር፣ ምግብና መጠጥ፣ እንቅልፍና ንቃት፣ እንቅስቃሴና ዕረፍት፣ ከሰውነት የሚወጣውና በሰውነት የሚቀረው፣ እንዲሁም የስሜት መናወጥ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሕመምተኛው ራሱ ከማንም በላይ የማያውቀው የለም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚያ ዘመን የአውሮፓ ሕክምና እንደ ሞያ መመሪያ ሊወሰድ የሚችል ነበር።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በአካል በመገናኘትና በደብዳቤ በመገናኘት መካከል ያለው ልዩነት የመጠን እንጂ የዓይነት አልነበረም። ደብዳቤው የትርታውንና የፊቱን ገጽ መረጃ ይቀንሳል። በምትኩ ደግሞ በአልጋ አጠገብ በሚደረግ አጭር ጉብኝት የማይገኝ፣ ታስቦበት በቅደም ተከተል የተዘጋጀ የሕይወትና የሕመም ታሪክ ይሰጣል። ጉድለቱ አልተሰወረባቸውም፤ ምክር ጠያቂዎች በአካባቢያቸው ያለ ባለሙያ የለካውን ትርታና ያየውን እብጠት ጨምረው የሚጽፉት ይህንኑ ለመሙላት ነበር።

ዊልያም ከለንና የደብዳቤ ማኅደራቸው

የዚህን አሠራር ውስጣዊ አካሄድ በዝርዝር ለማየት ከሚያስችሉት ማኅደሮች አንዱ የከለን ነው። ከለን በ1710 በስኮትላንድ ሐሚልተን ተወለዱ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1755 ወደ ኤዲንብራ ተጠርተው በመጀመሪያ ኬሚስትሪን፣ በኋላም ሕክምናን አስተማሩ። ከ1773 እስከ 1775 የኤዲንብራ ሮያል የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1769 በሽታዎችን በመደብ፣ በክፍልና በዓይነት የሚከፋፍል የላቲን መጽሐፍ ያሳተሙ ሲሆን፣ የነርቭ መታወክን የሚመለከተውን «ኒውሮሲስ» የሚለውን ቃል ወደ ሕክምና ያስገቡትም እርሳቸው ናቸው። በ1790 እስኪሞቱ ድረስ ምክራቸውን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይደርሷቸው ነበር። ከሕመምተኞች፣ ከቤተሰቦችና ከሌሎች ሐኪሞች የተላኩላቸው ደብዳቤዎች ከመልሶቻቸው ቅጂዎች ጋር በሺዎች እየተቆጠሩ በኤዲንብራ ሮያል የሐኪሞች ኮሌጅ ተጠብቀው ይገኛሉ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተመራ ፕሮጀክትም ስብስቡን በበይነ መረብ ለተመራማሪዎች አቅርቦታል።

ማኅደሩ ልዩ የሆነው ጥያቄውንም መልሱንም በአንድነት በመያዙ ነው። ከብዙ ሐኪሞች የተረፉት ወደ እነርሱ የተላኩት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው፤ መልሶቹ በሕመምተኞቹ ቤት ቀርተው ጠፍተዋል። ከለን ግን የመልሳቸውን ቅጂ ያስቀሩ ነበር። በመጀመሪያ ቅጂው በጸሐፊ እጅ ይገለበጥ ነበር። ከ1781 ጀምሮ ግን ጄምስ ዋት ከአንድ ዓመት በፊት የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበትን የደብዳቤ መገልበጫ መሣሪያ መጠቀም ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። በልዩ ቀለም የተጻፈው ደብዳቤ ገና ሳይቆይ እርጥበት ከተነከረ ስስ ወረቀት ጋር ተደርቦ ይጨመቃል፤ ቀለሙም ወደ ስሱ ወረቀት ተገልብጦ ያልፋል። ወረቀቱ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ጽሑፉ ከጀርባው በኩል በትክክለኛው አቅጣጫ ይነበባል።

ይህ ጉዳይ የጽሕፈት ቤት ዝርዝር ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ከስድስት ወር ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲጽፍ፣ ሐኪሙ ያንን ሰው በፊቱ የሚያስታውሰው ሳይሆን ቀድሞ በጻፈለት ቃል የሚያስታውሰው ነው። ቅጂው የሕመምተኛው መዝገብ፣ የሐኪሙም ኃላፊነት ማስረጃ ሆኖ ያገለግል ነበር። በተጨማሪም ሳያዩ ለሚያክሙ ሐኪም፣ የራስን ምክር ከውጤቱ ጋር እያመሳከሩ ለማረም የሚቻልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር።

የምክሩ ይዘት

ሐኪሙ የሚልከው መልስ በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የበሽታውን ምንነት የሚመለከት አስተያየት፣ የአኗኗር ሥርዓትና የመድኃኒት ማዘዣ። ማዘዣው በላቲን አጽሕሮተ ቃላት የሚጻፍ ስለ ነበር ለመድኃኒት ቀማሚው የታሰበ ነው። የአኗኗር ሥርዓቱ ግን ሕመምተኛው ሊረዳው በሚችለው ቋንቋ ይጻፋል። ምን ይብላ፣ ምን ይጠጣ፣ መቼ ይተኛ፣ ምን ዓይነት ልብስ ይልበስ፣ በየትኛው ሰዓት ወደ ውጭ ይውጣ የሚሉት መመሪያዎች ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ።

የአኗኗር ሥርዓት ይህን ያህል ቦታ የያዘበት ምክንያት ከርቀቱ ጋር ይያያዛል። ኃይለኛ መድኃኒት በቅርብ የሚከታተል ዓይን ይፈልጋል። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሕመሙ መልኩን ሊለውጥ ይችላል፤ መልሱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ በሽታ ሊያገኝ ይችላል። ለዚህም ነው በደብዳቤ የሚታከሙት ሕመሞች በአመዛኙ ሥር የሰደዱት፣ ማለትም ሪህ፣ የሆድ አለመፈጨት፣ የነርቭ ድካም፣ አስምና የውሃ እብጠት የሆኑት። በቀናት ውስጥ የሚገድል ትኩሳት ፖስታ አይጠብቅም።

ሪህ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዘመኑ ብዙዎች ሪህን በደም ውስጥ የሚዘዋወር ልዩ ክፉ ነገር የሚያመጣው በሽታ አድርገው ይቆጥሩት ስለ ነበር ያንን ነገር የሚያስወጣ መድኃኒት ይፈልጉ ነበር። ከለን ግን ይህን አስተሳሰብ ተቃውመው በሽታው የመላ ሰውነትንና የነርቭን ሥርዓት የሚመለከት መሆኑን አስተማሩ። የሚመክሩትም በሥጋና በመጠጥ መታቀብንና የሰውነት እንቅስቃሴን ነበር። እንዲህ ያለ ምክር በወረቀት ተልኮ ሊፈጸም ይችላል። የሚፈጽመው ሕመምተኛው ራሱ ነውና የሐኪሙ እጅ አያስፈልገውም።

ከለን ለእንቅስቃሴ የሚሰጡትን ክብደት የሚያሳየው የታወቀ ታሪክ በቃል የተሰጠ ምክር እንጂ የደብዳቤ አይደለም፤ ወደ እኛ የደረሰው ግን በደብዳቤ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1760 ታመው በነበረ ጊዜ ከለን በኤዲንብራ መንገድ ላይ ለብቻቸው ወስደው፣ የሚመጣውን ክረምት በሕይወት ለማለፍ ከፈለጉ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ቢያንስ 500 ማይል፣ ማለትም 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በፈረስ መጋለብ እንዳለባቸው ነገሯቸው። ስሚዝ ይህን የገለጹት በዚያው ዓመት ለሎርድ ሸልበርን በጻፉት ደብዳቤ ነው። መድኃኒቱ በቁጥር ተለክቶ፣ ጊዜ ተወስኖለት መታዘዙ ልብ ሊባል ይገባል። የአኗኗር ሥርዓት እንደ ማንኛውም የሚዋጥ መድኃኒት መጠን የሚሰፈርለት ሕክምና እንጂ መልካም ምኞት አልነበረም።

የሚናገረው ማን ነው?

የደብዳቤ ማኅደር ተመራማሪን የሚፈትንበት ቦታ እዚህ ነው። ሮይ ፖርተር በ1985 ባሳተሙት መጣጥፍ የሕክምና ታሪክ ከሐኪሞች ይልቅ ከሕመምተኞች ወገን እንዲጻፍ ከጠየቁ ወዲህ፣ እነዚህ ደብዳቤዎች የሕመምተኛው ድምፅ የሚሰማባቸው ምንጮች ተደርገው ተወስደዋል። ይህ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ድምፁ የአንድ ሰው አይደለም።

የቦስዌል ደብዳቤ እንደ ገና ሲነበብ ይህ በግልጽ ይታያል። ደረታቸው እንደሚጨነቅና እግራቸው እንዳበጠ የሚናገሩት የጆንሰን ሐኪም ሪቻርድ ብሮክልስቢ ናቸው፤ አየሩ ሲለዝብ ይሻላቸዋል ብለው ተስፋ የሚያደርጉትም እርሳቸው ናቸው። የውሃ እብጠቱ እየበረታ መሄዱን የሚናገሩትና ሞቃት አገር ይሻለኛል ብለው የሚያስቡት ግን ጆንሰን ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን አጣምረው፣ የሚቀረውን አስቀርተው፣ የሚጻፈውን የሚመርጡት ደግሞ ቦስዌል ናቸው። ከለን ያነበቡት አንድ ታሪክ በሦስት ሰዎች የተቀነባበረ ነው። በከለን ማኅደርም ብዙ ደብዳቤዎች በባል ስለ ሚስት፣ በወላጅ ስለ ልጅ፣ በቀዶ ሕክምና ባለሙያ ስለ ደንበኛው የተጻፉ ናቸው። እንዲህ ባለው ጊዜ የሕመሙ ባለቤት የሚሰማው በሌላ ሰው አንደበት ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የቋንቋ ነው። የሎዛኑ ሐኪም ሳሙኤል ኦጉስት ቲሶ በ1761 ለሕዝብ ጤና ምክር የሚሰጥ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን ለመርዳት የታሰበ ሲሆን፣ እንዲያነቡትና እንዲሠሩበት የተጠበቁት ቀሳውስት፣ ባላባቶችና መምህራን ነበሩ። በውስጡም ሐኪም ለማማከር የሚፈልግ ሰው መመለስ የሚገባው የጥያቄዎች ዝርዝር አለ። የሕመምተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ቀድሞ ጤነኛ ነበር? ኑሮው ምን ዓይነት ነበር? ሕመሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው? እንዴትስ ጀመረ? ትኩሳት አለው? ትርታው ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ሽንቱስ? እንቅልፉስ? ምን መድኃኒት ወሰደ? ለሴቶችና ለሕፃናት ደግሞ የተለዩ ጥያቄዎች ተጨምረዋል።

ይህ ዝርዝር ሕመምተኛውን መተረክ የሚያስተምር ሰነድ ነው። መጽሐፉ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ከተተረጎመ በኋላ፣ የራሱን ሕመም እንደ ሐኪም በቅደም ተከተል መመልከትን የተማረ አንባቢ ተፈጠረ። በሎዛን የተጠበቀው የቲሶ ማኅደር ከ1,200 የሚበልጡ የምክክር ሰነዶችን ይዟል። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ሕመማቸውን የሚገልጹት ከቲሶ መጻሕፍት በተማሩት ቃልና ፍርሃት ነው። ቲሶ በ1760 ግለ ወሲብ ሰውነትን ያጠፋል የሚል መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ካሳተሙ በኋላ፣ ድካማቸውን ሁሉ በዚሁ ምክንያት አመካኝተው የሚናዘዙ ሰዎች ይጽፉላቸው ጀመር። የደብዳቤው ቃል የሕመምተኛው ነው፤ በሽታውን የሚያስብበት መንገድ ግን በከፊል ከሐኪሙ የተወሰደ ነው። ሐኪሙ በደብዳቤው ውስጥ የራሱን ትምህርት መልሶ ሲያነብ እንደ አዲስ ማስረጃ ሊወስደው ይችል ነበር። የአሠራሩ ትልቁ አደጋ ከርቀቱ ይልቅ ምናልባት እዚህ ላይ ይገኛል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የመደብ ነው። ከለን በደብዳቤ ባለ ሀብቶችን ሲያማክሩ በነበረበት ዘመን በኤዲንብራ ሮያል ሆስፒታል ለድሆች በተዘጋጀው የማስተማሪያ ክፍል ውስጥም ተማሪዎቻቸውን እየያዙ ሕመምተኞችን ይጎበኙ ነበር። በዚያ ክፍል ታሪኩን የሚጽፉት ሐኪሙና ተማሪዎቹ እንጂ ሕመምተኛው አልነበረም። ስለዚህ በአንድ ሐኪም ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕመምተኞች ይታያሉ፦ በሩቅ ሆኖ ስለ ራሱ የሚተርክና በቅርብ ሆኖ የሚተረክለት። የመጀመሪያው ካልተስማማው ሌላ ሐኪም ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁለተኛው ይህ ምርጫ አልነበረውም።

1761 እና ከዚያ በኋላ

የቲሶ መጽሐፍ በታተመበት በ1761 ሌሎች ሁለት የሕክምና መጻሕፍትም ወጥተዋል። በቪየና ሊዮፖልድ አውንብሩገር ደረትን በጣት በመምታት ከሚሰማው ድምፅ በውስጥ ያለውን ሕመም ለማወቅ እንደሚቻል የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የአካል ክፍሎች ጥናት መምህር የነበሩት ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ ደግሞ የበሽታ መቀመጫ የት እንደ ሆነ ሬሳ በመክፈት የሚያሳይ ታላቅ ሥራቸውን በ79 ዓመት ዕድሜያቸው አወጡ። የሞርጋኒ መጽሐፍ በ70 ደብዳቤዎች መልክ የተዋቀረ መሆኑ የዘመኑን ልማድ ያስታውሳል። በየደብዳቤው ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ የነበረው ታሪክ ከሞተ በኋላ በሰውነቱ ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል።

ከሦስቱ መጻሕፍት በዘመኑ ሰፊ አንባቢ ያገኘው የቲሶ ሲሆን፣ የወደፊቱን ሕክምና የጠቆሙት ግን ሁለቱ ናቸው። የአውንብሩገር ዘዴ ለረጅም ጊዜ ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆይቶ በ1808 በኮርቪዛር የፈረንሳይኛ ትርጉም ታወቀ። በ1816 ሬኔ ላኔክ የማዳመጫ መሣሪያን ፈጠሩ፤ በ1819ም ስለ አጠቃቀሙ መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚህ በኋላ በሽታ የሚፈለገው በደረት ውስጥ፣ በአንድ በተወሰነ የአካል ክፍል ላይ ሆነ። ሕመምተኛው የማያውቀውን፣ ሊተርከውም የማይችለውን ነገር ሐኪሙ በጆሮው ይሰማ ጀመር።

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪው ኒኮላስ ጁሰን በ1976 ባሳተሙት የታወቀ መጣጥፍ ይህን ለውጥ ሕመምተኛው ከሕክምና አስተሳሰብ የጠፋበት ሂደት አድርገው አቅርበውታል። እንደ እርሳቸው አባባል በአልጋ አጠገብ ይሰጥ የነበረው ሕክምና በሆስፒታል ሕክምና፣ ያም በላቦራቶሪ ሕክምና ሲተካ፣ ስለ ሕመም የመናገር ሥልጣን ከሚከፍለው ሕመምተኛ ወደ ሐኪሙ ተሻገረ። የደብዳቤው ማስረጃ ይህን አስተያየት በአብዛኛው ይደግፋል፤ ከላይ የተመለከተው የመደብ ልዩነት ግን ያርመዋል። ሥልጣኑ ቀድሞም የጥቂቶች ነበር። በኤዲንብራ የሆስፒታል ክፍል የተኛው ድሃ ገና ያላገኘውን ነገር አጣ ሊባል አይችልም።

የጆንሰን ታሪክ የሁለቱን ዘመናት ድንበር በአንድ ሰው አካል ላይ ያሳያል። ጆንሰን ዲሴምበር 13 ቀን 1784 ሞቱ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሬሳቸው ተከፍቶ ተመረመረ። ደረታቸው ሲከፈት ሳንባቸው እንደ ተለመደው አልሟሸሸም፤ እንደ ተነፋ ቀረ። ልባቸውም ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ተገኘ። በማርች ወር በተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ የነበሩት የደረት ጭንቀት፣ ተቀምጦ ማደርና የእግር እብጠት በዚህ ግኝት ትርጉም ያገኛሉ። ቃሉ ስሕተት አልነበረም፤ ሦስቱ ሰዎች ያዩትንና የተሰማቸውን በትክክል ጽፈዋል። ነገር ግን ከዚያ ቃል ተነሥቶ ወደ ተነፋው ሳንባና ወደ ገዘፈው ልብ የሚያደርስ መንገድ ከለን አልነበራቸውም። በለንደን አልጋው አጠገብ የነበሩት ብሮክልስቢም አልነበራቸውም። ርቀቱ ቢወገድ ኖሮ የሚጨመረው ዕውቀት ጥቂት ነበር።

ማጠቃለያ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደብዳቤ የሚሰጥ ምክር የተስፋፋው ሐኪሞች ጥቂት፣ መንገዶችም ክፉ ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። ሕክምናው ራሱ በትረካ ላይ የተመሠረተ፣ ፈውሱም በአብዛኛው ሕመምተኛው በራሱ በሚፈጽመው የአኗኗር ሥርዓት የሚገኝ ተደርጎ ስለ ተቆጠረ ሁለቱም በወረቀት ሊጓዙ ችለዋል። አሠራሩ ለጽሑፍና ለክፍያ አቅም ላለው ሰው ስለ ገዛ ሰውነቱ የመናገር ሥልጣን ሰጥቶታል። ያው ሥልጣን ግን በአማካይ ሰዎች የተቀነባበረ፣ ከሐኪሞች መጻሕፍት በተወሰደ ቋንቋ የተቀረጸና በመደብ የተገደበ ነበር።

ለተመራማሪ ከዚህ የሚከተለው ግዴታ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲነበብ በሽታው ምን እንደ ነበረ በዛሬ ስም ከመሰየም በፊት፣ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ቃሉን ከየት እንዳገኘውና ማን እንዳልተጠየቀ መለየት ያስፈልጋል። የከለን ስስ ወረቀቶች ያቆዩት የመድኃኒት ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ ለመፍረድ ሕመምተኛውን መስማት ግድ የሆነበትን ዘመን አሠራርም ጭምር ነው። ያ መስማት ብቻውን ጆንሰንን አላዳናቸውም። በኋላ የመጣው ማዳመጫም የሚሰማው ሳንባን እንጂ፣ አንድ ሰው ሌሊቱን ለምን ተቀምጦ እንደሚያድር ሲናገር አይደለም።